ምርቱና ግርዱ፤ ኦቾሎኒንና የኦቾሎኒን ቅቤ አዘውትሮ መብላት ለጤና ስላለው ጥቅምና ጉዳት

በዐቢይ ጾም ወራት በተማሪዎች መኖሪያ ዘወትር ከሚነሡት ክርክሮች አንዱ የኦቾሎኒ ነገር ነው። ሥጋው፣ ወተቱና ዕንቍላሉ በሚቀርበት በዚያ ጊዜ ብዙዎቻችን ጠዋት ዳቦ በኦቾሎኒ ቅቤ፣ ከቀትር በኋላ የለውዝ ሻይ፣ ማታም በጥናት ሰዓት እፍኝ ሙሉ የተቆላ ኦቾሎኒ እንወስዳለን። ታዲያ አንዱ ጓደኛችን «ይህ ነገር ስብ ነው፤ ያወፍራል፤ ልብንም ይጎዳል» ሲል፣ ሌላው «እንዲያውም ለልብ መድኀኒት ነው» ብሎ ይመልስለታል። ሦስተኛው፣ ኦቾሎኒ ከሚመረትበት ከምሥራቅ ሐረርጌ የመጣው ጓደኛችን ግን «እኔን የሚያሳስበኝ ልቡ አይደለም፤ ጉበቱ ነው» ይላል።

ይህ አጭር ጽሑፍ ሦስቱን አስተያየቶች በየተራ ለመመርመር የተዘጋጀ ነው። አሳቡም ይህ ነው፤ ኦቾሎኒ በባሕርዩ መልካም ምግብ ነው። ትልቁ ጉዳት የሚመጣው ከፍሬው ሳይሆን ከአደራረቁ፣ ከአቀማመጡና ከአለቃቀሙ ነው። ምርቱ ከግርዱ ሳይለይ ወደ ወፍጮ የገባ እንደ ሆነ ጥቅሙና ጉዳቱ አብረው ይፈጫሉ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እንለምናለን።

ሀ. ስለ ፍሬው ባሕርይ

አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። «ለውዝ» የሚለው ቃል በመጻሕፍት የአንድ ዛፍ ፍሬ ስም ሲሆን፣ በገበያና በሻይ ቤት ግን ኦቾሎኒም ይጠራበታል። በዚህ ጽሑፍ ግን ነገሩ እንዳይምታታ «ኦቾሎኒ» እንላለን።

ኦቾሎኒ ከባቄላ፣ ከሽምብራና ከምስር ወገን የሆነ ጥራጥሬ ነው። የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ሲሆን ወደ አፍሪካ ያመጡት ፖርቱጋሎች ናቸው። በአገራችን በተለይ በምሥራቅ ሐረርጌ በባቢሌ አካባቢ፣ እንዲሁም በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ይመረታል። ከዘመዶቹ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ ይኸውም አበባው ከመሬት በላይ ካበበ በኋላ ፍሬ የሚይዘው ጫፍ ወደ ታች ወርዶ አፈር ውስጥ ይገባል፤ ፍሬውም የሚበስለው ከአፈር በታች ነው። ይህን ጠባይ አንባቢ ያስታውሰው፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በ100 ግራም ጥሬ ኦቾሎኒ ውስጥ 26 ግራም ያህል ፕሮቲን፣ 49 ግራም ያህል ስብና 16 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ይገኛል። ከካርቦሃይድሬቱም ውስጥ 8 ግራም የሚያህለው አሰር ነው። የሚሰጠው ኀይል 567 ኪሎካሎሪ ይሆናል። ከዚህም ሌላ ማግኒዝየም፣ ፎሌት፣ ናያሲንና ቫይታሚን ኢ በብዛት አለበት። የስቡን ዐይነት ያየን እንደ ሆነ ግማሽ ያህሉ በወይራ ዘይት ውስጥ በብዛት የሚገኘው ኦሌይክ አሲድ ነው። ሳቹሬትድ የሚባለው፣ በከብት ቅቤ ውስጥ የሚበዛውና የደምን ኮሌስትሮል ከፍ የሚያደርገው ስብ ከ7 አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው። ኮሌስትሮልም ከነጭራሹ የለበትም።

ለ. ስለ ልብ፣ ስለ ስኳር በሽታና ስለ ውፍረት

በአሜሪካን አገር 119,000 የሚያህሉ ነርሶችና ሌሎች የጤና ባለሙያዎች እስከ 30 ዓመት ድረስ አመጋገባቸው ሲመዘገብ ቆይቶ ውጤቱ በ2013 ታትሟል። ኦቾሎኒን ጨምሮ ለውዝ መሰል ፍሬዎችን በየቀኑ የሚበሉት ሰዎች፣ ከማይበሉት ጋር ሲነጻጸሩ፣ በጥናቱ ዘመን የሞት መጠናቸው በ20 ከመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። «እነዚህ የተማሩና የተመቻቸው ሰዎች ናቸው» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ለዚህም መልስ የሚሰጠው በ2015 የታተመው ሌላ ጥናት ነው። በደቡብ አሜሪካን ግዛቶች የሚኖሩ አብዛኞቹ ድኻ የሆኑ ነጮችና ጥቁሮች፣ እንዲሁም በቻይና የሻንጋይ ከተማ ነዋሪዎች በጠቅላላው ከ200,000 በላይ ሰዎች ተመረመሩ። ከሚበሉትም ፍሬ ብዙው ርካሹ ኦቾሎኒ ነበር። በዚያም አዘውትረው የሚበሉት ሰዎች የሞት መጠን በአሜሪካን በ21 ከመቶ፣ በሻንጋይ በ17 ከመቶ ያህል አንሶ ታየ።

ስለ ስኳር በሽታም በ2002 የታተመው የነርሶች ጥናት በሳምንት 5 ጊዜና ከዚያ በላይ የኦቾሎኒ ቅቤ የሚበሉ ሴቶች በሁለተኛው ዐይነት የስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ21 ከመቶ ያነሰ መሆኑን ገልጧል።

ነገር ግን እዚህ ላይ ሁለት ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ እነዚህ ጥናቶች የሰዎችን አኗኗር በመከታተል የተሠሩ ናቸው። ኦቾሎኒ የሚበላ ሰው ምናልባት ሲጋራ የማያጨስ፣ አትክልትም የሚያዘወትር ሊሆን ይችላል። መርማሪዎቹ ይህን በስሌት ለማስተካከል ቢጥሩም አብሮ መገኘት ብቻውን ምክንያት መሆንን አያረጋግጥም። ሁለተኛ፣ ፍሬውና ቅቤው አንድ አይደሉም። በሆላንድ አገር 120,000 የሚያህሉ ሰዎችን የተከታተለው የ2015 ጥናት ኦቾሎኒ ለሚበሉት የሞት መጠን መቀነሱን ሲያሳይ፣ የኦቾሎኒ ቅቤ ለሚበሉት ግን ይህን ዐይነት ልዩነት አላገኘም። በፋብሪካ በተዘጋጀው ቅቤ ላይ ጨው፣ ስኳርና እንዳይለያይ ተብሎ የረጋ ዘይት የሚጨመር መሆኑ እንደ አንድ ምክንያት ይገመታል። በአሜሪካን ሕግ «የኦቾሎኒ ቅቤ» ተብሎ የሚሸጠው ነገር ቢያንስ 90 ከመቶው ኦቾሎኒ መሆን አለበት፤ ስለዚህ ቀሪው 10 እጅ ምን እንደ ሆነ በማሰሮው ላይ የተለጠፈውን ጽሕፈት ማንበብ ይገባል።

ስለ ውፍረትም ቢሆን በፍሬውና በቅቤው መካከል ልዩነት አለ። በ1980 በታተመ ምርመራ ሰዎች የስብ ድርሻቸውን በሙሉ ፍሬ፣ በቅቤና በዘይት መልክ በየተራ ተመግበው ሳይዋሐድ የሚወጣው ስብ ተለካ። ሙሉውን ፍሬ ሲበሉ ከስቡ 18 ከመቶ ያህሉ፣ ቅቤውን ሲበሉ 7 ከመቶው፣ ዘይቱን ሲወስዱ 4 ከመቶ ተኩል ያህሉ ብቻ ወጣ። በጥርስ የታኘከ ፍሬ ስቡን በሕዋሳቱ ግድግዳ ውስጥ እንደ ያዘ ያልፋል፤ የተፈጨው ግን ግድግዳው ፈርሶ ስቡ ሁሉ ለሆድ ይጋለጣል። እንግዲህ መጠኑን ላወቀ ሰው በቀን አንድ እፍኝ፣ ማለት 30 ግራም ያህል፣ 170 ኪሎካሎሪ ገደማ ስለሚሰጥ አያሰጋም። በማንኪያ ከማሰሮው እየጨለፉ ሲያጠኑ ማምሸት ግን ሌላ ነገር ነው።

ሐ. ስለ ተጎዱ ሕፃናት

ለእኛ ውፍረት የሚያመጣ መስሎ የሚታየው ይኸው ጠባይ ለተራበ ሕፃን ሕይወት ሆኗል። በ1996 አንድሬ ብሪያንና ሚሼል ሌስካን የተባሉ ፈረንሳውያን የተፈጨ ኦቾሎኒን ከወተት ዱቄት፣ ከስኳር፣ ከዘይትና ከቫይታሚኖች ጋር አዋሕደው «ፕላምፒ ነት» የተባለውን ምግብ ሠሩ። አንዱ ከረጢት 92 ግራም ሲመዝን 500 ኪሎካሎሪ ይሰጣል። ውሃ የማይገባበት ስለ ሆነ ጀርም በቀላሉ አይራባበትም፤ እናቲቱም ሆስፒታል ሳትተኛ በቤቷ ልትመግበው ትችላለች። በ2000 በሐዲያ በበደዋቾ ወረዳ በችግር ጊዜ በዚህ መንገድ የተደረገው ሕክምና ለዓለም ምሳሌ ከሆኑት አንዱ ነው። በ2007 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ይህን አሠራር በጋራ መግለጫ ደገፉት። ምግቡም ዛሬ በአገራችን ይመረታል።

በዚያው በ2007ቱ መግለጫ ውስጥ አንድ ትእዛዝ አለ። ለሕፃናት የሚሰጠው ምግብ አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ በአንድ ኪሎ ከ5 ማይክሮግራም በላይ እንዳይገኝበት ይላል። አንድ ማይክሮግራም የአንድ ግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ይህን ያህል ጥንቃቄ ለምን እንዳስፈለገ ወደ ኋላ እንገልጻለን፤ አስቀድመን ግን የፍሬውን የራሱን ጉድለቶች እንመልከት።

መ. የፍሬው የራሱ ጉድለቶች

የኦቾሎኒ ፕሮቲን ብዙ ቢሆንም ላይሲን የሚባለው አሚኖ አሲድ ያንሰዋል። ስንዴም እንዲሁ ላይሲን ይጎድለዋል። ስለዚህ ዳቦ በኦቾሎኒ ቅቤ ሆድ ይሞላ እንጂ አንዱ የሌላውን ጉድለት አያሟላም። በላይሲን የበለጸጉት ሽምብራ፣ ምስርና ባቄላ ናቸው። በጾም ወራት ሽሮውን ትቶ በኦቾሎኒ ብቻ የሚያልፍ ተማሪ ይህን ማወቅ አለበት። ደግሞም በፍሬው ውስጥ ያለው ፊቴት የተባለ ነገር ብረትና ዚንክ በሚገባ እንዳይዋሐዱ ያደርጋል።

አንዳንድ ሰው ኦቾሎኒ ሲበላ ሰውነቱ ይቆጣል፤ ይህም አለርጂ ይባላል፤ እስከ ሞትም ሊያደርስ ይችላል። ቀድሞ በምዕራብ አገሮች ሐኪሞች ለሕፃናት ኦቾሎኒ እንዳይሰጥ ይመክሩ ነበር። በ2008 የታተመ ጥናት ግን የእንግሊዝ አገር አይሁድ ልጆች ከእስራኤል ልጆች 10 እጥፍ ያህል በዚህ አለርጂ እንደሚያዙ አሳየ። የእስራኤል ሕፃናት «ባምባ» የሚባለውን የኦቾሎኒ መክሰስ ከጨቅላነታቸው ጀምረው ይበላሉ፤ ወደዚያ የሄዱ ወገኖቻችንም በደንብ ያውቁታል። በ2015 በ640 ሕፃናት ላይ የተደረገው ፈተና እንዳረጋገጠው፣ ለአለርጂ በተጋለጡ ልጆች ዘንድ ኦቾሎኒን በሕፃንነት በለስላሳ መልክ ማስለመድ አለርጂውን በብዙ ይቀንሳል። እንዲህ ያለውን ልጅ ማስለመድ ግን በሐኪም ምክር ይሁን። ሙሉው ፍሬ ደግሞ ጉሮሮ ስለሚዘጋ ለትንንሽ ልጆች አይሰጥም።

ሠ. ስለ ግርዱ

በ1960 በእንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮዎች በጥቂት ወራት ውስጥ አለቁ። ምክንያቱ ስላልታወቀ በሽታው በአንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ «ኤክስ» ተባለ። በኋላ ሲመረመር ዶሮዎቹ የተመገቡት ከብራዚል የመጣ የኦቾሎኒ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ። በፋጉሎው ላይ አስፐርጊለስ ፍላቩስ የሚባል ሻጋታ በቅሎበት ነበር። ሻጋታው የሚያወጣውም መርዝ ከስሙ ተውጣጥቶ «አፍላቶክሲን» ተባለ።

ይህ ሻጋታ በአፈር ውስጥ የሚኖር ነው። ኦቾሎኒም ከላይ እንዳልነው ፍሬውን በአፈር ውስጥ ስለሚያበስል ገና በማሳው ሳለ ይነካዋል። ዝናቡ ወደ መኸር ሲቃረብ ከተቋረጠና አፈሩ ከጋለ ፍሬው ይዳከማል፤ ሻጋታውም ይበረታል። ከተነቀለም በኋላ ሳይደርቅ በጆንያ የታመቀ እንደ ሆነ ይባባሳል። በአንዳንድ አገሮች ቅርፊቱ በቀላሉ እንዲፈለፈል ውሃ ይረጩበታል፤ ይህም ሻጋታውን እንደ መጋበዝ ነው።

መርዙ ወደ ሰውነት ሲገባ ጉበት ሊያስወግደው ሲሞክር ራሱ ወደ ባሰ ነገር ይለውጠዋል። ያም ከዲኤንኤ ጋር ይጣበቅና የሕዋሱን የዘር ጽሑፍ ያበላሻል። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ድርጅት በ1987 አፍላቶክሲን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ወስኗል። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በደሙ ባለበት ሰው ላይ ደግሞ የሁለቱ አደጋ የሚደመር ሳይሆን የሚባዛ ነው። በአገራችን የዚህ ቫይረስ ክትባት ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው በ2007 ስለ ሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለደ ሰው ባብዛኛው በሕፃንነቱ አልተከተበም።

በምሥራቅ ሐረርጌ የኦቾሎኒ ምርት ላይ ሊቃውንት በተለያዩ ጊዜያት ባደረጓቸው ምርመራዎች መርዙ በብዙ ናሙናዎች ውስጥ፣ በአንዳንዶቹም ከተፈቀደው ልክ በብዙ እጅ በልጦ ተገኝቷል። የአውሮፓ ኅብረት ለሰው ምግብ በቀጥታ የሚውል ኦቾሎኒ በኪሎ ከ4 ማይክሮግራም፣ አሜሪካን ከ20 ማይክሮግራም በላይ እንዳይኖርበት ይከለክላሉ። መቁላት መርዙን በከፊል ይቀንሰው ይሆናል እንጂ አያጠፋውም።

አንድ መልካም ዜና ግን አለ። መርዙ በጆንያው ውስጥ በእኩል የተበተነ አይደለም፤ አብዛኛው የሚገኘው በጥቂት ፍሬዎች፣ ይልቁንም በጨረመቱት፣ በጠቆሩት፣ በተሰበሩትና ነቀዝ በበላቸው ውስጥ ነው። እነዚያን መልቀም ከመርዙ ብዙውን ማውጣት ነው።

ረ. ግርዱ ወዴት ይሄዳል?

በጥር ዕረፍት ያን ሦስተኛውን ጓደኛችንን ተከትዬ ወደ አገሩ ሄጄ ነበር። እናቱ በግቢው ጥላ ሥር ሰፌድ ይዘው ኦቾሎኒ ይለቅማሉ። የሞላውንና የቀላውን ፍሬ በአንድ በኩል፣ የጨረመተውንና የተሰበረውን በሌላ በኩል ያኖራሉ። አለቃቀማቸው እጅግ የሚያስደንቅ ነበር፤ ማንኛውም የላቦራቶሪ ሠራተኛ ከዚያ በተሻለ አይለቅምም። «ግርዱ ምን ይሆናል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ልጃቸው እንደ ተረጐመልኝ «ነጋዴው ጥሩውን ካልሆነ አይገዛም፤ ይህ ለእኛ ይበቃናል፤ የተረፈውን ለሚፈጩት እንሸጣለን» አሉኝ።

በዚህ አንድ መልስ ውስጥ ነገሩ ሁሉ አለ። ምርቱ ወደ ገበያ፣ ግርዱ ወደ ገበሬው ትሪና ወደ ወፍጮ ይሄዳል። ሙሉውን ፍሬ የሚበላ ሰው ዐይንና ምላስ አለው፤ የጠቆረውን ይጥላል፤ የመረረውን ይተፋል። በተፈጨው ቅቤ ውስጥ ግን ጠቋራው ከቀዩ አይለይም፤ መራራውንም ስኳርና ጨው ይሸፍኑታል። እንግዲህ በፍሬና በቅቤ መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት የስብ ወይም የስኳር ልዩነት አይደለም። ፍሬው ራሱን ያሳያል፤ ቅቤው ግን የፈጪውን ሕሊና ማመን ይጠይቃል።

የጓደኛዬ አባት ከአራት ዓመት በፊት በጉበት ሕመም ሞተዋል። ያ ሕመም ከኦቾሎኒ መጣ ለማለት ማስረጃ የለኝም፤ እርሱም እንዲህ አይልም። ነገር ግን ለታመመ ሕፃን የሚሰጠው የኦቾሎኒ ምግብ በኪሎ እስከ 5 ማይክሮግራም ድረስ እየተለካ፣ ያንኑ ኦቾሎኒ የሚያመርተው ቤተ ሰብ የሚበላው አለመለካቱ ትክክል ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ሰ. ምን ይደረግ?

የሚከተሉት ነገሮች ከአቅም በላይ አይመስሉንም።

1ኛ. ገበሬው በወቅቱ ነቅሎ ከመሬት ከፍ ባለ ነገር ወይም በሸራ ላይ ያድርቅ። የተፈለፈለው ፍሬ እርጥበቱ ከ8 ከመቶ በታች መሆን አለበት። ሲፈለፍልም ውሃ አይርጭ። በናይጄሪያና በሴኔጋል መርዝ የማያወጣውን የዚያኑ ሻጋታ ዘር በማሳ ላይ በመበተን መርዛሙን ማስለቀቅ ተችሏል፤ ይህ በእኛም አገር ሊጠና ይገባዋል።

2ኛ. ግርዱ ከሰው ምግብ ብቻ ሳይሆን ከላም መኖም ይራቅ። ላሟ የበላችው አፍላቶክሲን መልኩን ለውጦ በወተቷ ይወጣልና። ነገር ግን ድኻ እናት የለፋችበትን እህል ጣይ ሲሏት በባዶ ቃል አትጥልም። የተለቀመው ምርት የልፋቱን ያህል ዋጋ ሲያወጣ ብቻ ነው ግርዱ የሚጣለው። ስለዚህ ነገሩ የጤና ብቻ ሳይሆን የገበያም ጥያቄ ነው፤ በኢኮኖሚክስ ክፍል ያሉ ጓደኞቻችን ቢያስቡበት መልካም ነው።

3ኛ. ተማሪው በተቻለው ሁሉ ሙሉውን ፍሬ ይግዛ፤ ገለፈቱን አሽቶ ይመልከት፤ የመረረውን «እህል አይተፋም» ብሎ አይዋጠው። ቅቤ የሚወድ ራሱ ለቅሞ፣ ቆልቶ፣ ጥቂት በጥቂት ያስፈጭ። ለቀማው ግን መርዙን ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አያስወግድም፤ መልኩ ያማረ ፍሬም አንዳንድ ጊዜ መርዝ ሊኖርበት ይችላል። እርግጠኛ የሚያደርገው መለካት ብቻ ነው።

4ኛ. ስለዚህም የመጨረሻው አሳባችን ለመምህራኖቻችን የቀረበ ነው። አፍላቶክሲንን በደቂቃዎች ውስጥ የሚያሳዩ የመመርመሪያ ወረቀቶች በዓለም ገበያ ላይ አሉ። የኬሚስትሪና የባዮሎጂ ተማሪዎች በአንድ የትምህርት ዓመት ውስጥ በኮሌጃችን አካባቢ የሚሸጠውን የተቆላ ኦቾሎኒና የኦቾሎኒ ቅቤ ናሙና ሰብስበው በመምህራን መሪነት ቢለኩና ውጤቱ በዚህ መጽሔት ቢታተም፣ ለኮሌጁ ምግብ ቤትም ሆነ ለአካባቢው ሻጮች ጥቅም ይሰጣል።

ከላይ ወደ ተነሡት ሦስት ጓደኞቻችን ስንመለስ፣ «ያወፍራል» ያለው መጠኑን ለማያውቅ ሰው እውነት ተናግሯል። «ለልብ ይበጃል» ያለውም ጥናቶቹ እስከሚፈቅዱለት ድረስ ልክ ነው። ስለ ጉበቱ የተጨነቀው ግን ከሁላችንም ይልቅ ነገሩን ከሥሩ አይቶታል። ኦቾሎኒን መተው አያስፈልግም፤ ግርዱን መተው ግን ያስፈልጋል። ይህም በሰፌድ ይጀመራል፤ በላቦራቶሪ ይፈጸማል።